ስሙን ትቶ መሬቱን መከተል፦ የኖርዌያውያን ስደተኞችን የዘር ሐረግ ስለ መፈለግ

በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት፣ በሬድ ሪቨር ሸለቆ፣ ሃተንና ሜይቪል የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች ይገኛሉ። በዙሪያቸው ያለውን ሰፊ የሣር ሜዳ ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ያረሱት ኖርዌያውያን ስደተኞች ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ሰዎች የሚወለድ አንድ ሰው ቅድመ አያቱን ፍለጋ የ1900ን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ሲገልጥ የሚያስቸግረው የስም መታጣት ሳይሆን የስም መብዛት ነው። አንድ ኦሌ ኦልሰን ይገኛል፤ ጥቂት ቤቶች ወረድ ሲባል ሌላ ኦሌ ኦልሰን ይመጣል፤ በአጎራባቹ ቀበሌም በዕድሜ ከሁለቱ ብዙም የማይርቅ ሦስተኛ አይጠፋም። ሁሉም ገበሬዎች ናቸው፤ የሁሉም የትውልድ አገር «ኖርዌይ» ተብሎ ተመዝግቧል። ቆጠራው ከዚያ አልፎ የመንደርም ሆነ የአጥቢያ ስም አይጠይቅም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ ይህ ነው። ኖርዌያዊ ስደተኛን በስሙ የሚፈልግ ተመራማሪ የሌላ ሰው ቅድመ አያት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ መከተል የሚገባው መሬትን ነው። በወዲያኛው የባሕር ዳርቻ ስደተኛው የተወለደበትን የእርሻ ቦታ፣ በወዲህኛው ደግሞ ተመርቶ ያቀናውን መሬት ለይቶ ሁለቱን ማገናኘት ይኖርበታል። ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ከቅድመ አያቱ በፊት በዚያው መሬት ላይ ይኖር ከነበረ ሕዝብ ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ እዚያ ሲደርስም መዝገቡን አጥፎ መነሣት አይገባውም ብዬ እሟገታለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የኖርዌያውያን ፍልሰት መነሻ ተደርጎ የሚታወሰው፣ ሬስቶሬሽን የተባለች አነስተኛ መርከብ በጁላይ 1825 ከስታቫንገር ወደብ 52 ሰዎችን አሳፍራ የተነሣችበት ጉዞ ነው። በባሕር ላይ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ስለነበር ኒው ዮርክ ሲደርሱ 53 ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከ800,000 በላይ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረዋል። ያን ያህል ሕዝብ ከጥቂት የክርስትና ስሞች እየመረጠ ልጆቹን ኦሌ፣ ላርስ፣ ክኑት፣ አንደርስ፣ ማሪት፣ አኔ እያለ ይጠራ እንደ ነበር ስናስብ የችግሩ ስፋት ይገባናል።

በኖርዌይ ገጠር እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ፣ በብዙ ቦታም ከዚያ ወዲህ፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረም። የላርስ ወንድ ልጅ ኦሌ ላርሰን ይባላል፤ እኅቱ ላርስዳተር ናት፤ የኦሌ ልጅ ደግሞ ኦልሰን ይሆናል። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከእንግሊዛዊ ወይም ከጀርመናዊ ባልደረባው ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። የሚያሳስተው ሦስተኛው ስም ነው። ኦሌ ላርሰን ሃውገን የሚል ጽሑፍ ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሃውገንን የአያት ስም አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሃውገን ማለት ጉብታው ማለት ነው፤ ባከን ዳገቱ፣ ሊየን ተረተሩ፣ ዳል ሸለቆ ነው። እነዚህ የእርሻ ቦታ ስሞች ሲሆኑ የሚናገሩት ሰውየው የት እንደሚኖር እንጂ ከማን እንደሚወለድ አይደለም።

ስለዚህ ከሃውገን ተነሥቶ በጋብቻ ወደ ባከን የገባ ሰው ባከን ተብሎ ይመዘገባል፤ ቦታው የሚስቱ አባት ቢሆንም እንኳ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች በሁለት ቦታ ስም ሊገኙ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም አንዱ ከወጣበት ቦታ ሌላው በመግባቱ ብቻ በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሃውገን የሚባል ቦታ በኖርዌይ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ኡሉፍ ሪግ የአገሩን የእርሻ ቦታ ስሞች የሰበሰበበትና ከ1897 ጀምሮ በበርካታ ቅጾች የታተመው መድበል ያው ስም በስንት አውራጃ እንደሚደጋገም ለማየት ይበቃል። የቦታው ስም ማስረጃ የሚሆነው ከአጥቢያው ስም ጋር ሲጣመር ብቻ ነው። ቋሚ የቤተሰብ ስም በኖርዌይ በሕግ የተደነገገው በ1923 ነው፤ በዚያን ጊዜ የእኛ ኦሌዎች ስንዴ ማምረት ከጀመሩ ሁለት ትውልድ አልፏቸው ነበር።

አሜሪካ ሲደርሱ ምን ሆነ? የስደተኞች ስም በኤሊስ ደሴት በጸሐፊዎች ስሕተት ተለወጠ የሚለው ተረት ዛሬም በየቤተሰቡ ይነገራል። ይህ አነጋገር ቢጣራ ውኃ አይቋጥርም። የደሴቲቱ ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ሲሆን ከሬድ ሪቨር ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የገቡ ናቸው፤ ብዙዎችም የመጡት በካናዳዋ ኪዩቤክ በኩል ነው። የጣቢያው ሹማምንትም ቢሆኑ የሚሠሩት በመርከቡ የስም ዝርዝር ላይ ነበር። ስሙን የመረጠው በአብዛኛው ስደተኛው ራሱ ነው፤ የመረጠውም ቀስ እያለ፣ እንደ ሁኔታው ነበር። አንዱ የአባቱን ስም አጸና፤ ሌላው በአንድ ፖስታ ቤት አምስት ኦሌ ኦልሰን ሲኖር ደብዳቤው እየተሳሳተ ስላስቸገረው ወደ ቦታ ስሙ ተመለሰ። ወንድሙ ደግሞ ቀድሞ ተነሥቶ የነበረ ከሆነ ያጸናው የመጨረሻ መኖሪያውን እንጂ የትውልድ ቦታውን አይደለም። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሃውገን፣ በመሬት መዝገብ ላርሰን፣ በመቃብር ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ከርእሴ ጥቂት ልራቅ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በዚሁ ደጅ እያለፉ ነው። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው በትምህርት ቤትና በሆስፒታል መዝገብ ይገባሉ። አንዱ ወላጅ ልጁን በራሱ አባት ስም ያስመዘግባል፤ ሌላው በአገሩ ልማድ ይጸናል፤ ሦስተኛው ለመጀመሪያው ልጅ አንዱን፣ ለሁለተኛው ሌላውን ያደርጋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ከኖርዌያውያኑ የሚማረው ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ሥራው የሚጀመረው ከቅርቡ ጫፍ፣ ሰውየው ከሞተባት ከተማ ነው። የ1890 የአሜሪካ ቆጠራ በ1921 በዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎና በተከተለው ጉዳት አብዛኛው ጠፍቷል፤ ለሬድ ሪቨር ሸለቆ ይህ የከፋ ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም ሰፈራው የደረጀው ልክ በዚያ አሥርት ዓመት ነበር። ክፍተቱን የሚሞላው ዋናው ሰነድ የሉተራን አጥቢያ መዝገብ ነው። የሣር ሜዳው ቄስ የጥምቀቱን፣ የጋብቻውንና የቀብሩን መዝገብ በኖርዌይኛ ይጽፍ ነበር፤ ከየት እንደ መጡ ሲጽፍም ብዙ ጊዜ «ኖርዌይ» ብሎ አያልፍም፤ አጥቢያውን ይጠራል፤ ምእመናኑ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በዚያ ነበርና። ዛሬ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት እየተዘጉና እየተዋሐዱ በመሆናቸው መዝገቦቹም ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ያሉበትን ማፈላለግ ራሱ የምርምሩ ክፍል ነው። የዜግነት ማመልከቻው በአንጻሩ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። ከ1906 በፊት የነበሩት ቅጾች አጫጭር ናቸው፤ ኖርዌይም እስከ 1905 ድረስ ከስዊድን ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ስለ ነበረች አመልካቹ የሚክደው የሁለቱን አገሮች የጋራ ንጉሥ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ቅድመ አያቱን ስዊድናዊ አድርጎ ሲጽፍ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመሬት ሰነዱ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን በሜይ 1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ተመሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ይፈቅድ ነበር። የውጭ ተወላጅ ከሆነ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ማሳወቅ፣ በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት መኖርና ማልማት ነበረበት። ጊዜው ሲደርስ «መሬቱን ላጸና ነው» የሚል ማስታወቂያ በአካባቢው ጋዜጣ ያወጣል፤ አራት ምስክሮችን በስም ይጠራል፤ ከእነዚያም ሁለቱ ቀርበው ይመሰክራሉ። ቤቱ በምን እንደ ተሠራ፣ ስንት ኤከር እንደ ታረሰ፣ ቤተሰቡ ስንት ነፍስ እንደ ሆነ በዚያ ቃል ውስጥ ይገኛል። ፋይሉ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። መሬቱ ስደተኛው ከመድረሱ በፊት በካሬ ተሸንሽኖ የተለካ በመሆኑ እያንዳንዱ ይዞታ በክፍል፣ በታውንሺፕና በሬንጅ ቁጥር ይጠራል። ኦሌ ኦልሰን ሦስት ሊሆን ይችላል፤ በክፍል ቁጥሩ የተለየ አንድ ሩብ ካሬ መሬት ግን አንድ ብቻ ነው።

ምስክሮቹን ችላ የሚል ተመራማሪ የፍለጋውን ግማሽ ጥሏል። ጎረቤቶቹ እንዲሁ የተገናኙ መንገደኞች አልነበሩም። ዮን የርዴ በ1985 ባሳተመው ጥናት ከባሌስትራንድ የተነሡ ሰዎች ወደ ላይኛው መካከለኛ ምዕራብ የተጓዙበትን ሂደት ተከትሎ እንዳሳየው፣ ሰዎቹ የሚሄዱት ቀድሞ የሄደውን ዘመድና ጎረቤት ተከትለው፣ በሰፈራቸውም እንደ ተወላጅነታቸው ተሰባስበው ነበር። ጉዞውም በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አልነበረም፤ ብዙዎች በዊስኮንሲን ወይም በአዮዋ ወይም በሚኒሶታ ዓመታት ቆይተው፣ አንዳንዶቹም እዚያ ተወልደው፣ ኋላ ዳኮታ ደርሰዋል። ስለዚህ ከዋናው ሰው ይልቅ ብዙም የማይታወቀው ምስክር በቀብር መዝገቡ የአጥቢያውን ስም ትቶልን ሊሆን ይችላል። አንዱን ሰው ለማግኘት መንደሩን በሙሉ ማጥናት ያስፈልጋል የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የአጥቢያው ስም ከተገኘ በኋላ ያለው መንገድ ለሌላ አገር ታሪክ አጥኚ የሚያስቀና ነው። የኖርዌይ የአጥቢያ መዝገቦች ከ1810ዎቹ ጀምሮ በተወሰነ ቅጽ የተያዙ ሲሆን፣ የቄሱ መዝገብ ሌላ ቅጂ በደብሩ አገልጋይ እጅ፣ ከሌላ ጣራ ሥር እንዲቀመጥ በ1812 ታዟል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ማለት ነው። በጥምቀት፣ በማጽናት ሥርዓት (በሉተራውያን ዘንድ ወጣቶች ትምህርተ ሃይማኖት ተምረው እምነታቸውን የሚያረጋግጡበት ነው)፣ በጋብቻና በቀብር አምዶች ላይ አጥቢያውን ለቅቀው የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝርም ይታከላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የእርሻ ቦታ፣ ከዚያም «አሜሪካ»። በኦስሎና በትሮንድሃይም ከ1867፣ በበርገን ከ1874 ጀምሮ ፖሊስ የተነሺዎችን መዝገብ ይይዝ ነበር። ከእነዚህ አብዛኛው የ1801ን፣ የ1865ንና የ1875ን ቆጠራዎች ጨምሮ በኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዲጂታል ክምችት ያለ ክፍያ ይነበባል። ተማሪው የሚከፍለው ዋጋ የድሮውን ጎቲክ የእጅ ጽሕፈት መልመድ ነው፤ ጥቂት ወራት የሚጠይቅ ትጋት ነው፤ ማቋረጫ መንገድ የለውም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል። የዘር ሐረግ ድረ ገጾች በአንድ ጠቅታ ስምን ከስም ያገናኛሉ፤ የዘረመል ምርመራም ዝምድናን ይነግራል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሴ ማሽኑ የሚያገናኘው ፊደልን እንጂ ሰውን አይደለም የሚል ነው። በኖርዌይ ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፤ ሕፃን ሲሞት የሚቀጥለው ያንኑ ስም ይወርሳል፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ኦሌ ላርሰን፣ በአጎት ቤትም ሌላ ኦሌ ላርሰን መኖሩ የተለመደ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደ ሞተ፣ የትኛው እንደ ተሻገረ ለመለየት የቀብሩንና የመውጫውን አምድ ማንበብ ግድ ነው። አንድ ሰው በስሕተት ያጣመረውን ሐረግ ሌላው ሲቀዳው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ሲቀዳ፣ ስሕተቱ በሦስት ምስክር የጸና ይመስላል። የዘረመል ምርመራም ቢሆን ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ሲጋባ በኖረ ሸለቆ ውስጥ ዝምድና መኖሩን ይናገር ይሆናል፤ በየትኛው ቤት በኩል እንደ ሆነ ግን አይለይም።

የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ይህን ሥራ የጡረተኞች ማሳለፊያ አድርገው መቁጠራቸውም ትክክል አይመስለኝም። ሦስት ኦሌዎችን በሰነድ የለየ ተማሪ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ኮርስ ይልቅ ስለ ማስረጃ ምዘና ተምሯል።

መሬቱን መከተል ሌላም ነገር ያሳያል፤ ሰዎቹ ለምን እንደ ተነሡ። ኖርዌይ ተራራማ አገር ነች፤ የሚታረሰው መሬቷ ከጠቅላላው ሦስት በመቶ ገደማ ነው። ኦደል የሚባለው ጥንታዊ መብት ከቤተሰብ እጅ የወጣን የእርሻ ቦታ ዘመድ ዋጋውን ከፍሎ እንዲያስመልስ ያስችላል፤ ቅድሚያውም የበኩር ልጅ ነበር። ይህ የእኛን ርስት ያስታውሳል። አላን ሆበን በጎጃም ላይ ባደረገውና በ1973 ባሳተመው ጥናት እንደሚታየው፣ የዘር ቆጠራ በርስት አገር የመሬት ክርክር መሣሪያ ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ልዩነቱ ርስት ብዙዎችን ወደ ድርሻ ሲጠራ ኦደል አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ማስወጣቱ ላይ ነው። ታናናሽ ወንድሞች ድርሻቸው ጥቂት ነበር፤ ከእነርሱም በታች በባለ እርሻው መሬት ዳርቻ ጎጆ ቀልሰው ኪራዩን በጉልበታቸው የሚከፍሉ፣ ሁስማን የሚባሉ ጭሰኞች ነበሩ። ከጭሰኛ ጎጆ ተነሥቶ ባለ 160 ኤከር ለሆነ ሰው መሬቱ ምን ማለት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። የቤተሰብ ትረካዎች በዚህ ቦታ ሞቅ ብለው የሚያልቁት በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ያ መሬት ባዶ አልነበረም። የሬድ ሌክና የፔምቢና ኦጂብዌ ሕዝቦች በ1863 በኦልድ ክሮሲንግ በተፈረመው ውል በሬድ ሪቨር ግራና ቀኝ 11 ሚሊዮን ኤከር ያህል ለቀቁ፤ ኖርዌያውያኑ በብዛት የደረሱት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከሸለቆው በስተምዕራብ በስፒሪት ሌክ ደግሞ ታሪኩ ይበልጥ ቅርብ ለቅርብ ነው። የዳኮታ ሕዝብ የተከለለ መሬት ለግለሰቦች ከተደለደለ በኋላ «የተረፈው» በ1904 ለሰፋሪዎች ተከፈተ፤ ስካንዲናቪያውያንም ገቡ። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ካረን ሃንሰን በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፣ በ1929 በዚያ ክልል ውስጥ ስካንዲናቪያውያኑ ከዳኮታዎቹ የበለጠ መሬት ይዘው ነበር። ሃንሰን ወደዚህ ጥናት የገባችው የራሷ ቅድመ አያት በዚያ መሬት የተመራች በመሆኗ ነው። ድሆቹ ስደተኞች ለዳኮታ ባለ መሬቶች እያረሱ ሲያካፍሉ፣ ቆይተውም ከእነርሱ ሲገዙ ታሳየናለች። ስደተኛውን ጨካኝ አላደረገችውም፤ ንጹሕም አላደረገችውም። በእኔ ግምት የዘር ሐረግ ፍለጋ ወደ ታሪክ ጥናት የተሻገረበት ምሳሌ ይህ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ዳኮታዎቹም የስም ችግር ገጥሟቸው ነበር። መሬት በግል ሲደለደል ውርስ መከተሉ የማይቀር በመሆኑ መንግሥት ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ፈለገ። ይህን እንዲያከናውን ከ1903 እስከ 1909 የተመደበው ራሱ ዳኮታ የነበረው ሐኪምና ደራሲ ቻርልስ ኢስትማን፣ በሕዝቡ ስም ኦሂየሳ ነው። የአባትና የልጅ፣ የወንድምና የእኅት ስም ፈጽሞ የማይገናኝባቸውን ቤተሰቦች ለመሬት መዝገብ በሚመች ስም አስተካክሎ አስመዘገበ። ዛሬ ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው አያቱን ሲፈልግ የኦሌ ኦልሰን ዘር የሚያልፍበት ጫካ ውስጥ ይገባል፤ መውጫውም ያው የመሬቱ ቁጥር ነው። የድልድሉ መዝገብና የሆምስቴዱ ፋይል ሁለቱም በክፍል፣ በታውንሺፕና በሬንጅ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የቅድመ አያቱን ወይም የሚያጠናውን ሰው ሩብ ካሬ መሬት ቁጥር ካገኘ በኋላ፣ በዚያው ቁጥር ሁለቱንም መዝገቦች ይክፈት።